«ሰባት ቀን ጦሜን ላድር ነው?»፦ የመርከብ ጉዞ ያስጨነቃት ምግብ መራጭ

የአንባቢዋ ደብዳቤ፦

«ሰላም ላንቺ ይሁን። 36 ዓመቴ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ምግብ መራጭ ነኝ። ዶሮ እበላለሁ፣ ግን አጥንትና ቆዳ ከሌለው ብቻ ነው። ሩዝ፣ ድንች፣ ዳቦ፣ ስጎ የሌለው ፓስታ፣ ሙዝና ፖም እበላለሁ። የዓሣ ሽታ ገና ከሩቁ ያቅለሸልሸኛል። የተቀላቀለ ነገር፣ ስጎ የነካው ነገር፣ አፍ ውስጥ የሚያሟልጭ ነገር አይወርድልኝም። አሁን የባለቤቴ ወላጆች የተጋቡበትን 40ኛ ዓመት ምክንያት አድርገው ለሁላችንም የ7 ቀን የክሩዝ መርከብ ጉዞ ከፍለውልናል። ልንሄድ ሁለት ወር ተኩል ቀርቶናል። ሁሉም ደስ ብሎታል፣ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ማታ ማታ ስምንት ሆነን በአንድ ጠረጴዛ ነው የምንበላው። አማቴ ጥሩ ሴት ናቸው፣ ግን ሳህኔን ያያሉ። ባሕር መሃል ተርቤ ልቀር ነው? አስተናጋጁን ምን ልበለው? አለርጂ አለብኝ ብለውስ ይሻላል? እሳቸውንስ ምን ልበላቸው?»

መልስ፦

እህቴ፣ ጦምሽን አታድሪም። እንዲያውም ለአንቺ ዓይነት ሰው የክሩዝ መርከብ ከብዙ ቦታ ይሻላል። ሰው ቤት ተጋብዘሽ አንድ ድስት ብቻ ቢቀርብ ነበር የሚከብድሽ። መርከብ ላይ ቡፌ አለ፣ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ አለ፣ ፒዛና በርገር የሚሠራበት ጥግ አለ፣ እስከ ክፍልሽ የሚመጣ ምግብም አለ። አንዱ ጋ ካልቀናሽ ሌላው ጋ ትሄጃለሽ፣ አብዛኛው ደግሞ ከትኬቱ ጋር አብሮ የተከፈለ ነው።

እኔም ለብዙ ዓመት ምግብ መራጭ ነበርኩ። አሁንም የበሰለ ቲማቲም አይሆንልኝም። መጀመሪያ መርከብ ላይ የወጣሁ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ምሽት ሌሎቹ ያዘዙትን አዘዝኩ፣ ቲማቲም በቲማቲም የሆነ ነገር መጣልኝ፣ በሹካ ወዲያና ወዲህ ሳደርገው አመሸሁና ተርቤ ተኛሁ። በማግስቱ አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ በቀስታ «ትናንት ምንም አልበሉም፣ ምን ላምጣልዎት?» አለኝ። «ነጭ ሩዝና ምንም ያልፈሰሰበት ዶሮ» አልኩት። አመጣልኝ። ጠረጴዛው ላይ አንድም ሰው ቀና ብሎ አላየም። የመጀመሪያውን ምሽት ያስራበኝ ይሉኝታዬ ነበር፣ ምግቡማ ሞልቶ ተርፎ ነበር። የአንቺን ደብዳቤ ሳነብ ያየሁትም ይህንኑ ነው፤ አብዛኛው ጥያቄሽ የሚያጠነጥነው ሰው ምን ይለኛል በሚለው ላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበልሽ። ቀበጥ አይደለሽም። የሰው ምላስ እኩል አይቀምስም። ሊንዳ ባርቶሹክ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1990ዎቹ መራራን ከሌላው ሰው እጅግ አጉልተው ስለሚቀምሱ ሰዎች አጥንታለች፣ ስምም አውጥታላቸዋለች። ልዩነቱ በከፊል ከዘር የሚመጣ ነው። ለአንዱ ለስለስ ያለ ምግብ ለሌላው አፍ የሚያቃጥል ወይም የሚመርር ሊሆን ይችላል። ከዚህም አልፎ የምግብ ዓይነት በጣም ማጥበብ ጤናን የሚጎዳበት ሁኔታ አለ፣ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተመው መመሪያ ላይ ራሱን የቻለ ችግር ብሎ መዝግቦታል። አንቺ እንዲህ ነሽ እያልኩሽ አይደለም። ክብደትሽ ያለ ምክንያት እየቀነሰ ከሆነ፣ ወይም ሐኪም የደም ማነስ ወይም የቫይታሚን እጥረት ነግሮሽ ከሆነ ግን ከጉዞው በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። እንደዚያ ካልሆነ ራስሽን መውቀስሽን ተይ፣ ወደ ሥራው እንሂድ።

ሁለት ወር ተኩል አለሽ። ይህ ጥሩ ጊዜ ነው። መርከብ ምግቡን የሚጭነው ጉዞው ከመጀመሩ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ የድሮዎቹ መንገደኞች ወርደው አዲሶቹ በሚሳፈሩበት ቀን ነው። ባሕር መሃል ከደረሰ በኋላ ሱቅ የለም፣ ያልተጫነ ነገር የለም ማለት ነው። ስለዚህ ኩባንያዎቹ ልዩ የአመጋገብ ጥያቄ ያለው ሰው አስቀድሞ እንዲነግራቸው ይፈልጋሉ። ብዙዎቹ ከ30 እስከ 90 ቀን ይላሉ። በዚህ ሳምንት ኢሜይል ጻፊላቸው። የቦታ ማስያዣ ቁጥሩን ከባለቤትሽ ተቀበይና ጨምሪበት።

ኢሜይሉ ላይ የማትበዪውን ብቻ አትዘርዝሪ። ሁላችንም የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። «ዓሣ አልበላም፣ ስጎ አልበላም፣ የተቀላቀለ አልበላም» ስትዪው የሚያነበው ሰው ምን ሊሰጥሽ እንደሚችል አያውቅም፣ ይጨነቃልም። የምትበዪውን ጻፊለት፤ «አጥንትና ቆዳ የሌለው የተጠበሰ የዶሮ ደረት፣ ነጭ ሩዝ፣ የተቀቀለ ወይም የተጋገረ ድንች፣ በዘይት ወይም በቅቤ ብቻ የተለወሰ ፓስታ፣ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ፖም።» እነዚህን ለማብሰል ወጥ ቤቱ አይቸገርም። እ.ኤ.አ. በ2024 ሥራ የጀመረው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የተባለው መርከብ ሲሞላ ከ7,000 በላይ መንገደኞች ይይዛል። የእናንተው መርከብ ከዚህ ቢያንስም፣ በየቀኑ ዶሮና ሩዝና ድንች በገፍ የሚወጣበት ወጥ ቤት ነው ያለው። የአንቺ ሳህን ሸክም አይሆንባቸውም።

ይህንኑ ዝርዝር በትንሽ ወረቀት ላይ ጽፈሽ ይዘሽ ሂጂ። ኢሜይሉ ቢሮ ደረሰ ማለት እዚያ ምሽት ላይ የሚያስተናግድሽ ሰው እጅ ገባ ማለት አይደለም። የመርከብ ሠራተኞች ከተለያየ አገር የመጡ ናቸው፣ አጭርና ግልጽ ወረቀት ከረጅም ማብራሪያ በላይ ይጠቅማቸዋል።

ስለ ራት ሰዓት ደግሞ ልንገርሽ። ብዙ መርከቦች ሁለት ምርጫ ይሰጣሉ። አንዱ በየማታው በተወሰነ ሰዓት፣ በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ አስተናጋጅ መብላት ነው። ሌላው በፈለጉት ሰዓት ገብቶ ባገኙት ቦታ መቀመጥ ነው። ቤተሰቡ እስካሁን ካልወሰነ የመጀመሪያውን እንዲይዙ ባለቤትሽን አግባቢው። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ካወቀሽ በቃ። በሦስተኛው ማታ ሳትናገሪ ስጎውን ትቶ ያመጣልሻል።

የመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ራት ሳይደርስ፣ ለብቻሽ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ውረጂና የአስተናጋጆቹን ኃላፊ ጠይቂ። ሁሉም ተቀምጦ ሰባት ሰው እየሰማሽ ከመናገር ይህ በጣም ይቀላል። ወረቀትሽን ስጪው፣ የጠረጴዛችሁን ቁጥር ንገሪው፣ «የነገውን ሜኑ ዛሬ ማታ ላየው እችላለሁ?» ብለሽ ጠይቂው። አለርጂ ላለባቸው ሰዎች ይህ የተለመደ አሠራር ነው፣ ለአንቺም ቢጠየቅ ብዙ ጊዜ እሺ ይላሉ። ሜኑው በመርከቡ አፕ ላይ አስቀድሞ የሚወጣበት ኩባንያም አለ፣ እሱን አውርደሽ ሂጂ።

ሜኑው ላይ የሚለዋወጠውን ብቻ አትዪ። በብዙ መርከቦች ሁልጊዜ የማይቀር ክፍል አለ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ስቴክ፣ የተጋገረ ድንች የመሳሰለው ማታ ማታ ከዚያ አይጠፋም። የልጆች ሜኑም አለ። ትልቅ ሰው ከልጆች ሜኑ ቢያዝ አብዛኛውን ጊዜ አይከለከልም፣ በአንድ ቃል ጠይቂና እዘዢ፣ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ሁለት የመግቢያ ምግብ በዋና ምግብ ፋንታ ማዘዝም ይቻላል። የቀረበልሽ ካልወረደልሽ መልሰሽ ሌላ ማዘዝ ትችያለሽ። አንዳንድ ኩባንያ ዋና ምግብ ሲበዛ ያስከፍላል፣ ሜኑው ላይ ይጻፋል።

ስለ ስጎው፣ ይህ ዋናው ጭንቀትሽ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በትልቅ ወጥ ቤት ስጎ በብዛት ቀድሞ ይሠራና ሳህኑ ሊወጣ ሲል ነው የሚፈስበት። ስለዚህ «ስጎ አይፍሰስበት» ማለት ለነሱ ቀላል ነው። የማይቻለው አብሮ የበሰለውን መለየት ነው፤ በንብርብር የተጋገረ፣ አብሮ የተቀቀለ፣ ሲነጋ ጀምሮ ቅመም ውስጥ የተዘፈዘፈ ነገር። እንዲህ ያለውን «ከውስጡ ይህን አውጡልኝ» ብለሽ አትልፊ፣ ሌላ ምረጪ። ስለዚህ ሁልጊዜ የምትጠይቂው ጥያቄ «ዶሮው ቀድሞ ተቀምሟል ወይስ ተራ ነው?» የሚለው ነው። ድንቹና ዶሮው እንዳይነካካ ከፈለግሽ «በተለያየ ሳህን ይምጣልኝ» በዪ። በየማታው ከዚህ የበለጠ ጥያቄ ይሰማሉ።

አለርጂ አለብኝ ልበል ወይ ላልሽው፣ አትበዪ። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምነግርሽ። አለርጂ የሚለው ቃል ሲነሳ ወጥ ቤቱ ዕቃ ይቀይራል፣ ቦታ ይለያል፣ ኃላፊ ሳህኑን ይቆጣጠራል፣ ምክንያቱም ሰው ሊሞት ይችላል። በውሸት ያንን ሥራ አስጀምረሽ በማግስቱ ያው ነገር ያለበትን ኬክ ስትበዪ ቢያዩሽ፣ ከአንቺ በኋላ እውነተኛ ችግር ይዞ የሚመጣውን ሰው በጥርጣሬ ያዩታል። በራስሽም ላይ ይመጣል፤ የወተት አለርጂ አለብኝ ካልሽ የምትወጂውን ቅቤ የተቀባ ዳቦ ራሱ ይከለክሉሻል። «አለርጂ የለብኝም፣ ግን ዓሣና ስጎ አልበላም» በቂ ነው። ምክንያት አይጠይቁሽም።

ቡፌው ደግሞ ለመራጭ ሰው ጥሩ ነው፣ ምግቡን አይተሽ ነው የምታነሺው። ሳህን ሳትይዢ መጀመሪያ አንድ ዙር ዙሪ። ያየሽውን ከወደድሽ በኋላ ሳህን አንሺ፣ እንዳይነካካብሽ ትናንሽ ሳህኖች ያዢ። እንደተከፈተ ግቢ፤ ሰው ሲበዛ የአንዱ ምግብ ማንኪያ ሌላው ውስጥ ይገባል፣ ያን ጊዜ ሩዝሽ ላይ የማታውቂው ነገር ታገኛለሽ። ፊትሽ ቆመው ፓስታና እንቁላል የሚሠሩ ምግብ አብሳዮች ካሉ እነሱ ጋ ሂጂ፣ ምን እንደገባበት በዓይንሽ ታያለሽ። የመጀመሪያው ቀን ምሳ ላይ ግን ሁሉም ሰው ሻንጣውን ጥሎ ቡፌ ነው የሚሮጠው፣ ግፊያው ያስመርራል፣ ስለዚህ ያን ቀን ዋናው አዳራሽ ለምሳ ክፍት እንደሆነ ጠይቂ፣ ካልሆነም ቆየት ብለሽ ሂጂ። እጅሽንም በሳሙና ታጠቢ። መርከብ ላይ የሚያስቸግረውን ኖሮቫይረስ የተባለ የሆድ ቫይረስ የእጅ አልኮል ብቻውን በደንብ አያጠፋውም።

ተጨማሪ የሚከፈልባቸው ምግብ ቤቶች የግድ አያስፈልጉሽም። አንድ ነገር ግን ባለቤትሽን አስቀድመሽ ጠይቂ። አማቶችሽ ለበዓላቸው ቀን ሼፉ ራሱ እየመረጠ ብዙ ትናንሽ ሳህን የሚያከታትልበትን ዓይነት ራት ይዘው እንደሆነ። መርከብ ላይ ለአንቺ እውነተኛ ወጥመድ የምለው እሱን ነው፣ ሜኑው የተቆረጠ ስለሆነ መቀየር ይከብዳል። ይዘው ከሆነ ምግብ ቤቱን ቀድመሽ አነጋግሪ፣ እምቢ ካሉ ደግሞ ቀድመሽ በልተሽ ሂጂና አብረሻቸው ተቀመጪ። ስቴክ ቤት ከሆነ ግን አትስጊ፣ እዚያ ሁሉም ነገር ለየብቻው ነው የሚቀርበው።

ክፍልሽ ውስጥ የሚቀመጥ ነገር ያዢ። በፋብሪካ የታሸገ ደረቅ ብስኩት፣ ኦቾሎኒ፣ የምታውቂው ዓይነት ቁርስ አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ቤት የተሠራ ምግብና ትኩስ ፍራፍሬ ግን በብዙ መርከብ አይፈቀድም። ከመርከብ ስትወርጂም ሙዝ በቦርሳሽ አትያዢ፤ አውስትራሊያን፣ ኒውዚላንድንና አሜሪካን የመሳሰሉ አገሮች ይህን በጥብቅ ይቆጣጠራሉ፣ ይቀጣሉም። ውሃ ማፍያ ይዞ መግባት በብዙ መርከብ በእሳት አደጋ ምክንያት ክልክል ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ክፍል የሚመጣ ቀላል ቁርስ ካለ ማታ ካርዱን ሞልተሽ በር ላይ ስቀዪ፤ ደረቅ ዳቦና ሙዝ በልተሽ ቀኑን ስትጀምሪ ጭንቀቱ በግማሽ ይቀንሳል። ወደብ ላይ የምትወርዱበት ጉብኝት ምሳ ካለበትም ምን ዓይነት እንደሆነ ስትመዘገቡ ጠይቂ።

አሁን ብዙ ሰው የማይነግርሽን ልንገርሽ። ባሕር ሲናወጥ ካቅለሸለሸሽ የምትወጂውን ምግብ አትብዪ። ጆን ጋርሲያ የሚባል ተመራማሪ በ1950ዎቹ በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት፣ አንድ ምግብ ከቀመስን በኋላ ከታመምን፣ ሕመሙን ያመጣው ምግቡ ባይሆንም እንኳ፣ ሰውነታችን ያንን ጣዕም ሊጠላ እንደሚችል አሳይቷል። ሰውም ላይ ይኸው ይሆናል። ሌላ ሰው ከመቶ ምግብ አንዱን ቢጠላ ምንም አይደለም። አንቺ ግን ያለሽ ሰባት ስምንት ነው። ዶሮሽን ባሕር ላይ አጥተሽ እንዳትመለሺ። እንዲያ ባለ ቀን ደረቅ ብስኩትና ትንሽ ዝንጅብል በልተሽ እለፊው። ሆድሽንም ፈጽሞ ባዶ አታድርጊው፣ ባዶ ሆድ ማቅለሽለሹን ያባብሰዋል። መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ከመውጣትሽ በፊት ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ጠይቂ።

የዓሣው ሽታ ይኖራል። ከስምንት ሰው አንዱ ዓሣ ማዘዙ አይቀርም፣ አታዙ ማለት አትችዪም። የጠረጴዛው ዳር ላይ ተቀመጪ፣ ከጎንሽ ባለቤትሽ ይሁን፣ እሱ ዓሣ እንዳያዝ ለ7 ቀን ብትለምኚው ግን ብዙ አይደለም። ከከበደሽ ተነስተሽ አየር ወስደሽ ትመለሻለሽ።

ወደ አማትሽ እንምጣ። ሳህንሽን የሚያዩት ሊነቅፉሽ ላይሆን ይችላል። ገንዘባቸውን ያወጡት እናንተን ለማስደሰት ነው። አንቺ ሳትበዪ ስታመሺ ስጦታቸውን ያልወደድሽው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንቺው ራስሽ ንገሪያቸው፣ በባለቤትሽ አፍ አይሁን። እሱ ሲነግራቸው ስሞታ ይመስላል። ደውዪና እንዲህ በያቸው፦ «እማዬ፣ ስለ ጉዞው በጣም ነው ደስ ያለኝ። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርዎት ብዬ ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ብዙ ምግብ አይወርድልኝም፣ እርስዎም ሳያዩት አይቀሩም። መርከቡን አነጋግሬያለሁ፣ የምበላውን ያዘጋጁልኛል። ማታ ሳህኔ ላይ ሩዝና ዶሮ ብቻ ቢያዩ አይጨነቁ፣ ጠግቤ ነው የምነሳው።» ከዚህ አታስረዝሚው። ይቅርታም አትጠይቂ፣ ምንም አላጠፋሽም።

ጠረጴዛ ላይ ግን «ይህን ብቻ?» ማለታቸው አይቀርም፣ ልማድ ነው። ያን ጊዜ «አዎ እማዬ፣ ይጣፍጣል» በያቸውና 40 ዓመት ወደ ኋላ መልሻቸው። የሠርጋቸው ዕለት ምን እንደሆነ ጠይቂያቸው፣ ማን እንደዘገየ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ አማትሽና ባለቤታቸው መጀመሪያ የት እንደተያዩ። እሳቸው ሲጀምሩ አባትየው ያርሟቸዋል፣ ልጆቹ ይሟገታሉ፣ አንቺም ዶሮሽን ሳይበርድ ትበያለሽ።